«የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም» ሲባል ለማን ነው?

ጓደኛዬ ደወለችና «አያት ልሆን ነው!» ብላ ጮኸች። እኔም አብሬያት ጮህኩ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ምን ይዤ ልሂድ? ያኔ ይህ ተረት ትዝ አለኝና ደስ አለኝ፤ ያገኘሁትን ገዝቼ ልገላገላ፣ የስጦታ ፈረስን አፍ ማን ከፍቶ ያያል!

አንዳንዱ «ጥርሱ አይታይም» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ጥርሱ አይቆጠርም»። መልእክቱ ያው ነው። በነጻ የተሰጠህን ነገር እንከን አትፈልግበት፣ ተቀብለህ አመስግን።

ግን ለምን ጥርስ? ለምን ኮቴው ወይም ጀርባው አልሆነም? ነገሩ ዕድሜ ነው። ሻጭ ሁሉ «ገና ለጋ ነው» ይላል፣ ፈረሱ ደግሞ የተወለደበትን ቀን አይናገር። ስለዚህ ገዢ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የፊት ጥርሶቹን ያያል። የወተት ጥርሶቹ የሚለወጡት በተራ ነው፤ መሐል ያሉት 2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከጎናቸው ያሉት 3 ተኩል፣ ዳርና ዳር ያሉት 4 ተኩል ላይ። 5 ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታየው የጥርሱ መፋቅ ነው፤ ጥርሱ አናት ላይ ያለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ እየተፋቀች ትጠፋለች፣ ጥርሱ ራሱ እያደር ወደ ፊት ይዘማል፣ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ከላይኛው የዳር ጥርስ ድድ ሥር ጠቆር ያለች መስመር ብቅ ትልና 20 ዓመት አካባቢ ጥርሱ ጫፍ ድረስ ትወርዳለች። ከፈረስ ፈረስ ይለያያል፣ እያረጀ ሲሄድም ማወቁ ይከብዳል፣ ግን ልምድ ያለው ሰው ግምት አያጣም። እንግዲህ በስጦታ ያገኙትን ፈረስ ሰጪው ፊት አፉን ፈልቅቆ ማየት «አሮጌ ሰጥተኸኝ ይሆን?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ነውር ነው።

ተረቱ የኛ ብቻ አይደለም። ሩሲያውያንም ጀርመኖችም ይሉታል። ዕድሜውም ረጅም ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን በመተርጎም የሚታወቀው ጀሮም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የኤፌሶንን መልእክት ሲያብራራ በመግቢያው ጠቅሶታል፣ ያውም «ሰው እንደሚለው» ብሎ። ያኔም የቆየ ነበር ማለት ነው። ጽሑፉን ለሚያብጠለጥሉበት ሰዎች ነው የተናገረው፦ በነጻ የሰጠኋችሁን ምን ትነካኩታላችሁ ዓይነት። ብልጥ ነው፤ ሰጪው ራሱ ተረቱን መከላከያ አደረገው።

እኔም ላደርግ የነበረው እሱኑ ነው። ተረቱ ግን ለተቀባይ እንጂ ለሰጪ አልተነገረም። ተቀባይዋ አፉን ከፍታ እንዳታይ ከተከለከለች፣ ያንን ማየት ያለበት ሰጪው ነው፤ ያውም ከቤት ሳይወጣ።

ይህን ያወቅኩት አፍሬ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ጓደኛዬ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ስታገኝ የአራስ ልብስ ገዝቼላት ነበር፣ ትንንሽዬ፣ እጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ። «ውይ ደስ ሲል!» አለች። ከዚያ መልሳ አጠፈችው፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችውና «ለልጄ እሰጣታለሁ» አለች። ሌላ ምን ታድርገው? ሕፃን በ5 ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ይሆናል፣ በዓመቱ ደግሞ ሦስት እጥፍ፤ ያቺ ልብስ በሳምንታት ውስጥ ጠበበች። ለአያቲቱ ከኔ የደረሳት ነገር ቢኖር ከረጢቱን ማድረስ ነው።

የባሰም አለ። አያት መሆንን ከእርጅና ጋር የሚያያይዝ ስጦታ። የቤት ጫማ፣ የመነጽር ማንጠልጠያ፣ «ምርጥ አያት» የሚል ኩባያ። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ያገኘች ሴት ገና በአርባዎቹ ውስጥ ልትሆን ትችላለች፣ ነገ ጠዋት ሥራ የምትገባ። እሷ የፈረሱን ጥርስ አታይም፣ እኛ ግን የእሷን እየቆጠርን ነው። ኩባያውን የምትወድ ትኖር ይሆናል፣ አልክድም፤ ግን ልጁ ምን ብሎ እንዲጠራት እንደምትፈልግ ሳትጠይቁ ምንም ነገር ላይ አታሳትሙ።

ደግሞ ስጦታው ለእሷ ቢሆንም ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ እንዳለ አስቡ። አራስ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው፣ ይህም ከታቀፈበት ክንድ እስከ አያቱ ፊት ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ፊቷ አጠገብ ከሚሆን ነገር ጀምሩ። ዶቃው የሚበጠስ ሐብል ይቅር፣ ጥቂት ወራት ሲሞላው ጎትቶ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ኃይለኛ ሽቶም ይቅር። ለስላሳ፣ ዘርፍ የሌለው፣ ደጋግሞ ቢታጠብ የማይበላሽ የትከሻ ልብስ ግን ትወደዋለች። ትራስና አሻንጉሊት ለአልጋው መግዛት ካማራችሁ፣ የሕፃናት ሐኪሞች በመጀመሪያው ዓመት የሕፃን መኝታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይኖር ይመክራሉ።

እኔ በመጨረሻ አሮጌ ፎቶዎቼን አገላብጬ አንዱን አወጣሁ። ጓደኛዬ ልጇን በወለደች ሰሞን፣ ፀጉሯ እንደተንጨበረረ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቶ። ሁለት ፎቶ የሚይዝ ፍሬም ውስጥ በግራ በኩል አደረግኩት። ቀኙን ባዶ ተውኩት።

ማታ ደወለች። «ይቺ ቀጫጫ ማናት?» አለች። ከዚያ ዝም። ከዚያ «ቆይ፣ ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር?» ብላ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ እኔ ያልደፈርኩትን ጥርስ እሷው ቆጠረችው። ሳቀች፣ አለቀሰችም መሰለኝ።

ባዶው ቦታ ሦስት ሳምንት ቆየ። ባለፈው ሄጄ ሳይ ተሞልቷል። ያው ልጅቷ፣ አሁን እናት ሆና፣ ፀጉሯ እንደ እናቷ ተንጨብርሮ። የታቀፈችው ሕፃን አፉን እስኪችል ከፍቶ ይጮሃል። አንድም ጥርስ የለው።