ወባና የጓሮ መድኃኒት

ወባ በኢትዮጵያ በዋናነት የቆላ በሽታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አገር አብዛኛው ያሰጋዋል፤ ዋና ወቅቱም ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው ሳይደርቅ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የቀድሞ ሰዎች ንዳድ ይሉታል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ከሚወርደው ደገኛ መካከል ከስንቁ ጋር ነጭ ሽንኩርት የሚቋጥር አይጠፋም።

ከቤት መድኃኒት ሁሉ ስሙ የሚቀድመው ይኸው ነጭ ሽንኩርት ነው። ተልጦ ይወቀጣል፣ በማር ይለወሳል፣ በባዶ ሆድ ይዋጣል፤ አረቄ የሚያክልበትም አለ። ፌጦ ተፈጭቶ በውሃ ወይም በሎሚ ይበጠበጣል። የግራዋ ለጋ ቅጠል ደግሞ ውሃ ውስጥ በእጅ እየታሸ አረንጓዴ አረፋ እስኪያወጣ ይቆይና በጨርቅ ተጠልሎ በስኒ ይቀርባል። የጠላ ጋን የሚታጠበውም በዚሁ ቅጠል ነው፤ አንድ ጊዜ የተጎነጨ ሰው ጋኑ ለምን እንደሚጠራ ይገባዋል። ብሳና፣ ሬትና ሽፈራውም እንደየአገሩ ይታዘዛሉ። ብሳና ግን ኃይለኛ ነው፤ ሆድ ያጥባል፣ መጠኑም በእፍኝና በግምት ስለሚለካ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ላይ የሚያስፈራ ነው።

የግራዋ፣ የብሳናና የክትክታ ቅጠል ጭማቂ የወባ ተሕዋስ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ የተሕዋሱን ቁጥር መቀነሱ ታይቷል። ቀነሰ ማለት ግን አጠፋ ማለት አይደለም፤ አይጧን የሚይዛትም ሰውን የሚይዘው የወባ ዓይነት አይደለም።

ታዲያ እነዚህ ቅጠሎች ስማቸውን ከየት አገኙት? በእኔ ግምት ግማሹን ያገኙት ከራሱ ከወባ ነው። ወባ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ በላብ ያጠምቅና ይለቃል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት በየ48 ሰዓቱ ይመላለሳል። ሰኞ ማታ ግራዋ የጠጣ ሰው ማክሰኞ ደህና ሆኖ ይውላል፤ ምስጋናው ለግራዋ ይሄዳል። ረቡዕ ሲያንቀጠቅጠው «አገረሸብኝ» ይላል እንጂ «አልሠራም» አይልም። የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከምች ስለማይለይ ቀድሞ የሚቆረጠው ዳማከሴ ነው፤ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል፣ ግንባርም ይቀባል። ምች ከሆነ ቀን ቢያልፍም ግድ የለም። ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ከሆነ ግን አንጎል ላይ ለመውጣት ብዙ ቀን አይፈልግም፤ በኢትዮጵያም የሚበዛው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል።

እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል የሚለው የገጠር አባባል ብዙ ጊዜ ይሳቅበታል። እሸት መብላት ወባ አያስይዝም። ይሁንና የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲረግፍ የትንኝ እጭ ይመገበዋል፣ ቶሎም ያድጋል፤ በቡሬ አካባቢ በተደረገ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቀበሌ ወባ በርክቶ ተገኝቷል። ገበሬው ምክንያቱን ቢስትም ወቅቱንና ማሳውን አልሳተም።

ጭሱ ከሚጠጣው ይልቅ ማስረጃ አለው። ወይራ፣ ጥንጁት፣ ወገርትና ቀበሪቾ ፍም ላይ ሲጨሱ ትንኝ እንደሚያርቁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትሸው አረጋግጠዋል። ትንኟ አጎበር ውስጥ ሳይገባ፣ እራት ላይ የተቀመጠውን ሰው ጭምር ስለምትነድፍ፣ ጭሱ ለዚያች የምሽት ሰዓት ይጠቅማል። ጭስ የሞላው ቤት ግን ለሳንባ ደግ አይደለም።

ከቅጠል የወባ መድኃኒት አይወጣም የሚልም ይሳሳታል። ኪኒን ከሲንኮና ዛፍ ልጣጭ የተገኘ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩም የጥንት መጽሐፍ አንብባ፣ መቀቀል ኃይሉን እንደሚገድለው ጠርጥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአንድ የአርቴሚዥያ ዝርያ አርቴሚሲኒንን አወጣች፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት። የእኛ ጭቁኝና አሪቲ የዚያ ተክል ዘመዶች ናቸው፤ ዝምድናው ብቻ ግን መድኃኒቱን አያስይዛቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የቻይናውን ቅጠል እንኳ እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣትን አይደግፍም፤ የመድኃኒቱ መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፣ አነስተኛ መጠን ደግሞ ተሕዋሱን ያላምደዋል።

ትንኝ የምታመጣው ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ማለትም አይደለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ገብተውባታል፤ ለሁለቱም የወባ ክኒን ምንም አይሠራም። የሚለየው ጤና ኬላ ላይ ጣት ተወግቶ የሚወሰድ የደም ጠብታ ነው፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፋልሲፓረም ከተገኘ የሚሰጠው ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። መድኃኒቱ ስብ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት ውስጥ በደንብ ይሰርጋል። ስለዚህ አስታማሚዋ ከክኒኑ ጋር አንድ ኩባያ ያልተናጠ ወተት ብታቀርብ ከግራዋው ስኒ የበለጠ ትረዳዋለች።