ሪሰርች ጋፕ ምንድን ነው?

ማስተርስ የሚማር ሰው ፕሮፖዛል ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም የጥናት ዕቅዱን መምህራን ፊት አቅርቦ ሲጠየቅ፣ በጣም የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ። «ጋፑ ምንድን ነው?» ብዙዎቻችን የምንመልሰው ደግሞ ያው ነው፦ «በዚህ ርዕስ ድሬዳዋ ላይ የተሠራ ጥናት የለም።» ይሄ ብቻውን አያዋጣም። ጅማ ላይ የተሠራ ጥናት ወስዶ የከተማውን ስም መቀየር ጋፕ አይሆንም፤ እዚህ መልሱ ሊለይ የሚችልበት ምክንያት ካልተገኘ በስተቀር።

ጋፕ ማለት እስካሁን የሚታወቀው የሚያልቅበት፣ ለሰው የሚጠቅም ጥያቄ ግን ገና ሳይመለስ የቀረበት ቦታ ነው። የሚታወቀውን፣ የማይታወቀውን፣ እና አለመታወቁ ማንን እንደሚጎዳ አብሮ ማሳየት ይጠይቃል። አብዛኛው ፕሮፖዛል የመጀመሪያው ላይ ገጽ በገጽ ይጽፍና የመጨረሻውን በአንድ መስመር ያልፈዋል።

ምሳሌው እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ወባ ሲባል የምናስበው ክረምት፣ ገጠር፣ ረግረግ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ግን ከተማ ይስማማታል። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ቦታ የውሃ ገንዳ ውስጥ ትራባለች፤ ድሬ ላይ ደግሞ ውሃ ይጠፋል እያልን የማናጠራቅምበት ዕቃ የለም። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ነው፤ በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። የአገራችንን የወባ ተሕዋስያን መሸከም እንደምትችልም በቤተ ሙከራ ታይቶ ነበር። እስከዚህ የሚታወቅ ነው። ያልታወቀው ወረርሽኝ የምታስነሳው እሷ ናት ወይስ እንዲሁ አብራን የምትኖር ናት የሚለው ነበር። በ2022 መጀመሪያ፣ በደረቁ ወቅት፣ ወባ ድሬዳዋ ላይ ሲነሳና የዩኒቨርሲቲው ዶርም ተማሪዎች ሳይቀሩ ሲታመሙ፣ ተመራማሪዎች የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች መኖሪያ እያነጻጸሩ ትንኟንና መራቢያዋን ፈለጉ። ከታማሚዎቹ ዙሪያ በብዛት የተገኘችው ስቴፈንሲ ሆነች። የዚህ ጥቅሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ አጎበርና ርጭት ብቻ ይዞ የሚሄድ ከተማ ክፍቱን በርሜል ይረሳዋል። እንዲህ ሲሆን «ድሬዳዋ» የሚለው ስም ርዕሱ ውስጥ ሥራ አለው።

ማስተርስ ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አይጠበቅባችሁም። የዚያው ጥያቄ ጎረቤት የሆነ ትንሽ ነገር ይበቃል። የድሬዳዋ ሰፈሮች የሆኑት ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ውሃ የሚያጠራቅሙበት መንገድ ይለያያል? ሰው በርሜሉን የማይከድነው ስለማያውቅ ነው ወይስ ክዳን ስለሌለው? ሁለተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ጤና ቢሮ ትምህርት ይስጥ ወይስ ክዳን ያድል የሚለውን ይወስናል።

እንዴት ይገኛል ለሚለው፣ አዳዲስ ጥናቶችን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ያልደረሱበትን ነገር «ውስንነት» (ሊሚቴሽን) በሚሉት ክፍል ውስጥ ይጽፉታል። ሁለት ጥናት የተጋጨበት ቦታ ካያችሁ ደግሞ እዚያው ቆም በሉ፣ ለምን እንደተጋጩ መጠየቅ ብቻውን ጥሩ ርዕስ ያወጣል። «ወደፊት ይጠና» የሚለውን ግን እንዳለ አትገልብጡ። ጥናቱ ቆየት ያለ ከሆነ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ሊሆን ይችላልና ጉግል ስኮላር ላይ ያንን ጥናት እነማን እንደጠቀሱት እዩ።

ከዚያ ጊዜያችሁንና ኪሳችሁን አስቡ። አንደኛው ዓመት በኮርስ ያልቃል፣ ለቴሲስ የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ላይ የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ (ኢቲካል ክሊራንስ) ራሱ ጊዜ ይበላል። ሐረር ጤና ኮሌጅ ለምትማሩ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ላይ ልደትና ሞት የሚመዘግብበት የክትትል ጣቢያ አለው። ቤት ለቤት ለመዞር በጀት ከሌላችሁ፣ ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት ከዚያ ምን ዳታ ማግኘት እንደሚቻል አማካሪያችሁን ጠይቁ።