ብዙ ኢንተርኔት ማለት ብዙ ዴሞክራሲ ማለት ነው?

ኢንተርኔት የተስፋፋባቸው አገሮች ብዙውን ጊዜ ዴሞክራሲያዊ ሆነው ይገኛሉ። ከዚህ ተነስቶ «ቴክኖሎጂው ዴሞክራሲን ያመጣል» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን ወለደ አይባልም። ሀብትና ትምህርት ሁለቱንም ሊያሳድጉ ይችላሉ።

ቻይና ከአንድ ቢሊዮን በላይ የኢንተርኔት ተጠቃሚ አላት፤ የሚገዛት ግን አንድ ፓርቲ ነው። ሕንድ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1951 እና 1952 የመጀመሪያውን አጠቃላይ ምርጫ ስታካሂድ አብዛኛው መራጭ ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር። ለእያንዳንዱ ዕጩ የራሱ ሣጥን ተዘጋጀለት፤ በላዩም ምልክት ተለጠፈበት። መራጩ ምልክቱን እያየ የድምፅ ወረቀቱን በመረጠው ሣጥን ውስጥ ከተተ።

ታዲያ ቴክኖሎጂው ፋይዳ የለውም ማለት ነው? በፍጹም! የግብፅ መንግሥት ሕዝባዊ ተቃውሞ በተነሳበት ጊዜ፣ በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ፣ ኢንተርኔትን በመላ አገሪቱ የዘጋው የዜጎች መገናኘት ስላሰጋው ነው። ተቃውሞው ግን አልቆመም፤ ፕሬዚዳንቱ ሆስኒ ሙባረክ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከሥልጣን ወረዱ። ደግሞም ሰልፈኛውን የሚያሰባስበው ያው ስልክ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ለደኅንነት ሠራተኛ ሊያሳብቅ ይችላል። ስለዚህ የተጠቃሚውን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ መስመሩን የመዝጋት ሥልጣን በማን እጅ እንዳለና ፍርድ ቤት ሊያስቆመው ይችል እንደሆነ መጠየቅ ብዙ ይነግረናል።