የፋንታሲ ጌም ሙግት በሰሜን ሸዋ

ፋንታሲ ጌም የምንለው በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ዘንዶ አለ፣ ድግምት አለ፣ ጎራዴ አለ፣ በየትኛውም ካርታ ላይ የማይገኝ አገር አለ። ከእነዚህ ጨዋታዎች የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ተጫዋች ባለበት ሁሉ ይነሳል። ሰሜን ሸዋም ውስጥ ይነሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ወረፋ ሲጠበቅ፣ የተማሪዎች ዶርም ውስጥ፣ ጀበና ቡና ተከቦ። አንዱ ስካይሪም ይላል። ሌላው ዊቸር 3 ይላል። ሦስተኛው ኤልደን ሪንግን ሳትጨርሱ ስለ ፋንታሲ አታውሩ ይላቸዋል። አያቶቻችን ችሎት ፊት በልሃ ልበልሃ ሲባባሉ የነበራቸው ወኔ እዚህም አለ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ፋንታሲ ጌም የሚመዘነው በአገሩ ነው። መሬቱ፣ አየሩ፣ ነዋሪው፣ ሕጉ። አንተ ጨዋታውን ዘግተህ ብትሄድም የሚኖር የሚመስል አገር ነው ወይ? ጎራዴውና ግራፊክሱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ይህን ለመመዘን የተለየ ዓይን አለው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የጌሞቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘርፉ ከየት መጣ

ሥሩ ከቪዲዮ ጌም ውጭ ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ አወጡ። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይበቃዋል። ዛሬ ሌቭል ጨመርኩ፣ ሂት ፖይንቴ (የባለታሪኬ የጤና ነጥብ) አለቀ የምንለው ቋንቋ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። በ1986 የጃፓኑ ኔንቴንዶ ዘልዳን አወጣ። ፈጣሪው ሽጌሩ ሚያሞቶ ሐሳቡን ያገኘው በልጅነቱ ኪዮቶ አቅራቢያ ጫካና ዋሻ ሲያስስ ከነበረው ትዝታ እንደሆነ ተናግሯል። መንዝ ውስጥ ገደል ለገደል በግ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2004 ብሊዛርድ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን አመጣ። እሱ ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበትና የማያቋርጥ ኢንተርኔት የሚፈልግ ስለሆነ ለእኛ ሰው ሩቅ ነው።

ማሽኑ ሙግቱን ይወስናል

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ብርዷ የታወቀ ነው። ሲመሽ ሰው ወደ ቤት ይገባል፣ ወጣቱ ደግሞ ወደ ጌም ቤት። የጌም ቤቱ ንጉሥ እግር ኳስ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ባለቤቱ ገንዘብ የሚያገኘው በጨዋታ ቁጥር ነው። ሁለት ሰው ይጋጠማል፣ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ሌላው ይተካል። ፋንታሲ ጌም ግን 50 ሰዓት፣ አንዳንዱ 100 ሰዓት ይፈልጋል። ሴቭ ያደረግኸውን፣ ማለትም እስከ ደረስክበት ያስቀመጥከውን፣ ነገ ሌላ ሰው ሊያጠፋብህ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው ራሱ የሚኖረው ላፕቶፕ ላይና ኮንሶል ባለው ቤት ነው። ጌም ቤት የሚመጣው ክርክሩ ነው።

ክርክሩ ላይ ማን ብዙ ጠበቃ እንዳለው ለማወቅ የላፕቶፑን አቅም ማየት ይበቃል። በ2011 የወጣው ስካይሪም በትንሹ 2 ጊጋባይት ራምና 6 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነው የሚጠይቀው። ኤልደን ሪንግ 12 ጊጋባይት ራምና 60 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ 150 ጊጋባይት ቦታ ይበላል። የተማሪ ላፕቶፕ የሚሸከመው የመጀመሪያውን ነው። የኔንቴንዶ ማሽን እዚህ ብርቅ ስለሆነ በ2017 የወጣውን የዘልዳ ጌም ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። የዓለም ተቺዎች ግን ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጡታል።

ጌሙ የሚዛመተው ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ ነው። ባልደርስ ጌት 3 የወጣው ኦገስት 2023 ነው። ያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወቅት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቦርሳው ውስጥ የያዘው ሃርድ ዲስክ ትልቅ ዋጋ አለው። ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ ብቻህን የምትጫወተው ረጅም ጌም በዚህ አካባቢ መወደዱ አይገርምም። መብራትም የራሱ ድምፅ አለው። ኤልደን ሪንግ ራሱ በየጊዜው ሴቭ ያደርጋል። መብራት ድንገት ቢጠፋ የምታጣው ትንሽ ነው። ይህን እንደ ትልቅ ብልጫ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔም እቆጥረዋለሁ።

አገር እንደ መለኪያ

ስካይሪምን የሠራው ቤተዝዳ ነው። አገሩ ታምሪኤል የተባለው የምናብ አህጉር ሰሜናዊ ግዛት ነው። ተራራ፣ ጉም፣ በረዶ፣ ከንፋስ የተጠለሉ መንደሮች። ከሁሉም የሚረዝመው ተራራ የዓለም ጉሮሮ ይባላል። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ 7,000 ደረጃ አለው ይሉታል። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ሃይ ህሮትጋር የተባለ ገዳም አለ። ጺማቸው የሸበተ መናኞች ይኖሩበታል። ድምፃቸው ምድር ስለሚያንቀጠቅጥ ከአንዱ በቀር አይናገሩም። ከተራራው ሥር ያለች መንደር ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ታገኛለህ። ወደ ላይ የምትወጣ ከሆነ ይህን ስንቅ ለአባቶች አድርስልኝ ይልሃል። ለመናኝ ስንቅ ማድረስ እኛ የምናውቀው ነገር ነው። ብዙ የሸዋ ተጫዋች ስካይሪምን የሚወደው ዘንዶ ስለገደለበት ብቻ አይመስለኝም። አገሩ ስለማይገፋው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የታወቀ ትችት አለ። የጌም ዓለም ብርዱንና ሙቀቱን አጠጋግቶ ያስቀምጣል፣ አይታመንም ይባላል። በጣርማበር ያለፈ ሰው ይህን ትችት አይቀበልም። ጣርማበር 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ። በዚያ ስታልፍ ጃኬትህ እስከ አንገት ተቆልፏል። ቁልቁለቱን ወርደህ፣ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ሆኗል፤ ጃኬቱም ክንድህ ላይ ነው። በአንድ ጉዞ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ አይተሃል። ስለዚህ ጥያቄው ርቀቱ አይደለም። መሬቱ ሲለወጥ ሰዉም ይለወጣል ወይ? እርሻው፣ ቤቱ፣ ልብሱስ? ስካይሪም ይህን ፈተና በግማሽ ያልፋል። መሬቱ ይለወጣል፤ ሰዎቹ ግን በየከተማው አንድ ዓይነት ንግግር ይደጋግማሉ። ጎራዴውም ክብደት የለውም። የተቃዋሚዎቹ ወቀሳ ልክ ነው።

የመንዝ ጓሳ ሌላው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ጭላዳ በመንጋ ሣር ይነጫል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል፣ ጅብራ ጉም ውስጥ ሰው መስሎ ይቆማል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሥርዓቱ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ጓሳውን ለዘመናት በራሱ ደንብ ጠብቆታል። ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ ማን ያጭዳል፣ መቼ ይዘጋል የሚለው የተወሰነ ነው። አገር ማለት ይህ ነው። መልክዓ ምድሩን ብቻ አሳምሮ ሕጉን የረሳ ጌም ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው ዊቸር 3ን የማስበልጠው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ በሜይ 2015 ያወጣው ነው። መነሻው የአንጄይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት ናቸው። ገራልት የሚባለው ባለታሪክ በክፍያ ጭራቅ የሚያድን ሰው ነው። ቬለን የሚባለው ክፍለ አገር ጦር አልፎበታል። ገበሬው ርቦታል። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሰው ታያለህ። የመንደሩ ሰሌዳ ላይ እርዱን የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሄደህ በክፍያው ትከራከራለህ፤ ገበሬው ያለው ያችው ናት። ጭራቁን ስትከታተል ደግሞ ከጀርባው ብዙ ጊዜ የሰው በደል ታገኛለህ። ባሮኑን አስታውሱ። ሰክሮ ሚስቱን የደበደበ፣ ቤተሰቡ የጠፋበት ጌታ ነው። በወጉ ያልተቀበረው ጽንስ ጭራቅ ሆኖ ይመጣበታል። ይቅር ይባላል ወይስ አይባልም በሚለው ላይ ጓደኛሞች ሲኳረፉ አይቻለሁ። ጦርነት በአቅራቢያው ያለፈበት ሰው ቬለንን ዝም ብሎ አያልፈውም። ሰሜን ሸዋ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ይህን አይቷል።

ኤልደን ሪንግ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በፌብሩዋሪ 2022 አወጣው። መሪው ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው። የአገሩን የጥንት ታሪክ የጻፈው ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ከየትኛውም አቅጣጫ ብትቆም የሚያበራው ወርቃማ ዛፍ ይታይሃል። ወዴት ሂድ የሚልህ የለም። አገሩ ውብ ነው፤ ነገር ግን ገበያ የለውም፣ እርሻ የለውም፣ ሠርግ የለውም። ሁሉም ነገር አልፎ የቀረ ፍርስራሽ ነው። አፍቃሪዎቹ ውበቱ እዚያ ላይ ነው ይላሉ። ይህን ስሜት ከሁሉ ቀድሞ ለእኔ ያሳየኝ በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ሻዶ ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ነው። 16 ግዙፍ ፍጡራን፣ አንድ ፈረስ፣ ባዶ አገር። ከተማ የለ፣ ገበያ የለ። ያም ሆኖ ከጨረስኩት በኋላ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ሰው የሌለበት አገርም ሊበልጥ ይችላል ለሚሉኝ የምመልሰው ብዙ የለኝም።

ሌሎቹ መለኪያዎች

የኤልደን ሪንግ ሰዎች የሚመዝኑት በትግሉ ነው። ጨዋታው ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብለህ የምትመርጥበት የለውም። ማሌኒያ የምትባለዋ ቦስ (ከባድ ዋና ባላጋራ) ስትመታህ የራሷን ቁስል ታድናለች። ስትሞት ያጠራቀምከው መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሳታነሳው ዳግም ከሞትክ ጠፋ። እሷን የጣለ ሰው ለሳምንት ሌላ ወሬ የለውም። ይህ ተገቢ ኩራት ነው፤ ትዕግሥትን የሚያስተምር ጌም ብዙ የለም።

የባልደርስ ጌት 3 ሰዎች ደግሞ በምርጫ ይመዝናሉ። የሠራው የቤልጂየሙ ላሪያን ነው። ውጊያው ተራ በተራ ነው። 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል። ልታታልል የሞከርከው ዘበኛ ቢነቃብህም ታሪኩ በሌላ በኩል ይቀጥላል። ችግሩ ንግግሩ እጅግ ብዙ መሆኑ ነው። የእነዚህ ታላላቅ ጌሞች አንዱም አማርኛ የለውም። ስለዚህ እንግሊዝኛው የሚቀናው ልጅ እየተጫወተ ለጎረቤቶቹ ይተርካል። ጥሩ ተራኪ ካለ ጨዋታው ይደምቃል፤ ሦስት አራት ሰው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ምን ይመለስለት እያለ ይመክራል። የዚህ ዓይነቱን ሰው ውለታ ማንም ጽፎለት አያውቅም። እንግሊዝኛቸውን ከትምህርት ቤት ይልቅ እዚህ ያሻሻሉ ብዙ ናቸው።

ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሽልማት የሚሮጥም አለ። ዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ብሎ ከሸለማቸው ውስጥ በ2014 ድራገን ኤጅ ኢንክዊዚሽን፣ በ2015 ዊቸር 3፣ በ2017 ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ፣ በ2018 ጎድ ኦፍ ዋር፣ በ2022 ኤልደን ሪንግ፣ በ2023 ባልደርስ ጌት 3 ይገኛሉ። ስካይሪም የወጣው ይህ ሽልማት ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ በዚህ ሚዛን ሊመዘን አይችልም።

ጎድ ኦፍ ዋር ሲነሳ ሌላ ክርክር ይከፈታል። ፋንታሲ ነው ወይስ አይደለም? የ2005ቱ የግሪክን አማልክት፣ የ2018ቱ የስካንዲኔቪያን አማልክት ይዟል። የፕሌይስቴሽን 2 ትውልድ እሱን የሚነካበትን አይወድም። አማልክቱ የሌላ ሕዝብ እምነት ነበሩ፣ ስለዚህ ተረት እንጂ ፋንታሲ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ፋንታሲ ነው ባይ ነኝ፤ አገሩ ግን ጠባብ ነው፤ መንገዱ ወደ ፊት ብቻ ነው።

የእኛ ዘንዶ

ዘንዶ ለሸዋ ልጅ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት የሚያሳየው ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። ከአክሱም ነገሥታት በፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ ይገዛ ነበር የሚለው ትረካም ይነገራል፤ ሕዝቡ ይገብርለት ነበር ይባላል። አገር አለው፣ ሕግ አለው፣ ግብር አለው። ከዚህ የተሻለ የጌም መነሻ የት ይገኛል? ኢትዮጵያ ውስጥ ጌም የሚሠሩ አሉ፤ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን ኩኩሉን ለስልክ ሠርቷል። ትልቅ የፋንታሲ ጌም ግን በመቶዎች የሚቆጠር ባለሙያና የዓመታት ገንዘብ ይፈልጋል። አንኮበር ጫፍ ላይ ቆሞ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ያየ ሰው የመጀመሪያው ትዕይንት ምን መሆን እንዳለበት ሊነግራቸው ይችላል።

እስከዚያው ክርክሩ በሚመጡት ላይ ነው። ቤተዝዳ የስካይሪምን ተከታይ እሠራለሁ ያለው በ2018 ነው። ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ደግሞ በ2024 መጨረሻ የዊቸር 4ን ማስታወቂያ አሳይቷል። ዋናዋ ባለታሪክ የገራልት የማደጎ ልጅ ሲሪ ናት። የገራልትን ቦታ ትሞላለች ወይስ አትሞላም የሚለው ላይ ሰዉ ከአሁኑ ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ትሞላለች ከሚሉት ጋር ነኝ።