ኤቪሲኤችዲ ወይስ ኤምፒ4?

ሁለቱ የቪዲዮ ካሜራ ቀረጻውን የሚያስቀምጥባቸው የፋይል ዓይነቶች ናቸው። «የኤቪሲኤችዲ ምስል የበለጠ ጥራት አለው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን የሚያምቁት በአንድ ዘዴ፣ በኤች.264 ነው፤ ጥራቱን በዋናነት የሚወስነው በሴኮንድ የሚቀዳው ሜጋቢት ነው። ለምሳሌ በ24 ሜጋቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት የልደት ድግስ ወደ 11 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ የሚይዘው ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያነሰ ቀረጻ ነው።

ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ኤምፒ4ን ስልክ ይከፍተዋል፣ በቴሌግራምም ይላካል። ኤቪሲኤችዲ ግን እርስ በርስ የተያያዙ ፎልደሮች ስብስብ ነው። ረጅም ቀረጻ በውስጡ ይቆራረጣል፤ የቪዲዮውን ቁርጥራጮች የያዙትን ኤምቲኤስ (.MTS) ፋይሎች ብቻ ነጥላችሁ ከገለበጣችሁ መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ሊዘል ስለሚችል ፎልደሩን እንዳለ ውሰዱት።

ለቤት ቀረጻ ኤምፒ4 ይበቃል፣ ካሜራው በ1080 (በሙሉ ኤችዲ የምስል መጠን) የሚቀዳው ከሆነ። አንዳንድ የቆዩ ካሜራዎች ኤምፒ4ን ባነሰው በ720 ብቻ ስለሚቀዱ፣ ከድግሱ በፊት ሜኑውን እዩት።