«ቪዚት»፦ መጎብኘት ወይስ መጠየቅ?

የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን አሳየችኝ። «ቅዳሜ ሆስፒታል ሄጄ አያቴን ጎበኘኋት» ብላ ተርጉማለች። ሳቄ መጣ። «አያትሽ ሙዚየም ናት እንዴ?» አልኳት።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «ቪዚት» ማለት «መጎብኘት» ነው ተብላ ነው የተማረችው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን እኛ እንደ ሁኔታው እንለያየዋለን። ጅማ አጠገብ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጎበኛለን። የታመመና አራስ ግን እንጠይቃለን። ሐዘን የገባበት ቤት ለቅሶ እንደርሳለን። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ሆስፒታል በር ላይ የቆመው ሰው «ጠያቂ» ነው፤ «ጎብኚ» ካላችሁት ካሜራ ያነገተ ይመስላል። ባለሥልጣን ሲሆን ግን ዜናው «ሕሙማንን ጎበኙ» ይላል። ብርቱካን ስለማይዙ ይሆን?

ሌላው የምንሳሳተው «ቱ» (to) በምትባለው የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ላይ ነው። «ጎ» (መሄድ) ስለሚፈልጋት «ቪዚት» ላይም እንጨምራታለን። «አይ ቪዚትድ ጅማ» በቂ ነው፤ «ቱ» አያስፈልግም። ቃሉ ስም ሲሆን ግን ትመጣለች፦ «ማይ ቪዚት ቱ ጅማ»።

«ቪዚቲንግ ፕሮፌሰር» ሲባልም ግቢውን ለማየት የመጣ ሰው አይደለም፤ ከሌላ ተቋም መጥቶ ለጊዜው የሚያስተምር ወይም የሚመራመር ነው። በኳስ «ቪዚቲንግ ቲም» እንግዳው ቡድን ነው። አሜሪካኖች «ቪዚት ዊዝ» ሲሉ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጨዋወት ማለታቸው ነው፤ እኛ ጅማ ለቡና ተጠራርተን እንደምናደርገው።