ስክራች ቢልዲንግ ምንድን ነው?

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1,435 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ይህን ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ሞዴል ባቡር የእውነተኛው ባቡር ትንሽ ቅጂ ነው፤ በዓለም ላይ በጣም የተለመደው መጠን ኤችኦ ይባላል፣ ሁሉን ነገር 87 ጊዜ ያሳንሳል። የሐዲዱ ስፋትም ይኸው 16.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ባቡሩንም ሐዲዱንም ገዝታችሁ ከካርቶናቸው ታወጣላችሁ። ከሐዲዱ ዳር የምታቆሙትን ሱቅስ? የጀርመን ጣቢያ ሞዴል ሞልቷል። የአሜሪካ ጎተራም እንደዚሁ። የደሴ ቆርቆሮ ክዳን ሱቅ ግን በካርቶን ታሽጎ አይመጣም።

ስክራች ቢልዲንግ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ማለት ነው። ተቆርጦ የመጣ ዕቃ መገጣጠም አይደለም። ልጅ ሆኖ የሽቦ መኪና የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ሜትር መያዝ ግድ ነው።

መጀመሪያ ሱቁን ለኩ። ባለሱቁን ግን ቀድማችሁ አስረዱት፤ ሜትር ዘርግቶ የመጣ ሰው ሊያፈርስ የመጣ ይመስላል። ከዚያ ሁሉንም ለ87 አካፍሉ። 2 ሜትር በር 23 ሚሊሜትር ይሆናል። 3 ሜትር ግድግዳ ደግሞ 34.5። እኔ አንዴ 23ን 32 ብዬ ቆርጬ፣ ግመል ከነጭነቷ የምታልፍበት በር ወጣልኝ።

ግድግዳው የሚቆረጠው ከስታይሪን ነው። ነጭ የፕላስቲክ ሉህ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊስታይሪን። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ፎም ወንድሙ ነው፤ እሱ ተነፍቶ ነው እንጂ። ለመለማመጃ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ያለበትን የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ፤ እሱም ፖሊስታይሪን ነው።

አቆራረጡ የመስታወት ቤት ሥራ ይመስላል። በብረት ማስመሪያና በከተር ሁለት ሦስቴ ትጭሩታላችሁ። ከዚያ እጥፍ ስታደርጉት ቀጭ ብሎ በመስመሩ ይለያል። እስከ ታች ልቁረጠው ያለ ሰው እጁን ይቆርጣል።

የሚገርመው ማጣበቂያው ነው። ኮላም ማስቲሽም አይደለም፤ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። ሁለቱን ጫፎች ገጥማችሁ በቀጭን ብሩሽ ጠብ ስታደርጉበት ስንጥቁ ስቦ ያስገባዋል። ፈሳሹ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፣ ከዚያ ይተናል። የሚቀረው አንድ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ቢበዛበት ግድግዳው ይጣመማል። ከጀርባ በየማዕዘኑ ትንሽ ቁራጭ ለጥፉበት፤ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሽታው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የደሴ ብርድ ቢገባም መስኮቱን ክፈቱ።

ፈተናው ክዳኑ ነው። በተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው 7.6 ሴንቲሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በቀጭን ሉህ ላይ መስመር በመስመር መጫር ትዕግሥት ይጨርሳል። መስመሮቹን ካራራቃችሁ ግን ክዳኑ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ እዚህ ላይ አትስነፉ።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ ይሁን። ለዝገቱ ቡናማ ውሰዱና ከምስማሩ ሥር ጀምራችሁ ወደ ታች አውርዱት፣ ክረምቱ እንደሚያወርደው።